የግራ ክንድ

ዋራበሌ ሰፈር በነበረው የሕፃናት ምሳ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ቀን ሐሰት አልጻፍኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ሁለቱንም ለአንዲት ልጅ። ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከሁለቱ ሐሰቶች ይልቅ ከእነሱ በፊት ለዚያችው ልጅ የጻፍኩት እውነት ነው።

ምሳ ቤቱ ከወደብ ከተማዋ ዳር፣ ባልባላ ዳገት ላይ በቆርቆሮ የተከደነ አንድ ረጅም ክፍል ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ የሽቦ ወንፊት ነው። አርባ ልጅ የሚይዙ አግዳሚዎች፣ ሁለት ትልልቅ ድስቶች፣ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ በርሜል። የምናበላው ለትምህርት ቤት ያልደረሱትን ነው። ከምሳው በፊት አጭር ትምህርት አለ፤ ምን እንደሚበላ፣ ለምን እንደሚበላ። ሐሙስ ሐሙስ ትምህርቱ ለእናቶችም ነው። አስተማሪዋ እኔ ነበርኩ። ልጆቹ «መዳም» ይሉኛል።

የማስተምርባቸው ሥዕሎች ከውጭ የመጡ ነበሩ። አንዱ ላይ እንጆሪ አለ። አንድ ልጅ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ መልሱን ሳዘጋጅ፣ ወጥ ቤቷ ከድስቱ ቀና ብላ «ቲማቲም ነው፤ ኩፍኝ ወጥቶበት ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ እንጆሪ እኛ ዘንድ ኩፍኝ የያዘው ቲማቲም ሆኖ ቀረ። እውነተኛው ቲማቲም ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ከድሬዳዋ በባቡር ይመጣል። ባቡሩ ያኔ ገና አልሞተም፤ ግን ሲመጣም መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይቆማል። በሙቀቱ ወራት ቲማቲሙ ውሃ ሆኖ፣ ካሮቱ እንደ ጨርቅ ታጥፎ ይደርሳል። እኔ ያንን የታጠፈ ካሮት ከፍ አድርጌ እያሳየሁ ስለ ትኩስ አትክልት አስተምራለሁ። አንድ ሐሙስ እናቶቹን «ሻይና ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይሠራም» ስላቸው፣ ከኋላ አንዷ «እኛ ደግሞ ሆድ መሙላቱን ባገኘነው» አለች። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ቀጥዬ ያሰናዳሁትን አነበብኩ።

ወጥ ቤቷም እኔም የድሬ ልጆች ነን። ድሬ «አንቱ» የሚሉትን ነገር አታውቅም፤ እናቴ ልትሆን የምትችለዋን ሴት አንቺ እላታለሁ። እሷ «ፕሮፌሰሯ» ትለኛለች፣ ግማሹን ለፍቅር ግማሹን ለሹፈት። ፊደል የቆጠርኩት ሃያ ስድስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ፈረንሳይኛውን እዚህ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር፣ ከወደብ ተሸካሚዎችና ከቤት ሠራተኞች ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጬ ተማርኩት። በልጅነቱ የተማረ ሰው እንደ ልቡ ይጽፋል፣ እንደ ልቡ ይሰርዛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል በጻፍኩ ቁጥር የማልኩ ያህል ይከብደኛል።

ለዚህም ይመስለኛል መለካቱን ለእኔ የሰጡኝ። መለኪያው ጥብጣብ ነው። የልጁ ግራ ክንድ ላይ፣ በትከሻና በክርን መካከል ይጠመጠማል፤ ቀይ ወይም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ያሳያል። ቀይ የሆነን ልጅ የእኛ ምሳ አያድነውም፣ ሆስፒታል ይላካል። ቢጫ የሆነ ካርድ ይሰጠዋል፤ ካርዱ ማለት አግዳሚው ላይ ያለ ቦታው ነው። ሁለት ወር ተከታትሎ አረንጓዴ የሆነ ግን ድኗል ተብሎ ካርዱን ይመልሳል፣ ቦታውም ውጭ ለሚጠብቅ ለሌላ ቢጫ ይሰጣል።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን አምንበት ነበር። ከእኔ በፊት ትለካ የነበረችው ሴት ጥብጣቡን በአውራ ጣቷ ጠበቅ እያደረገች የዘመድ ልጆችን ዓመቱን ሙሉ ቢጫ ታደርጋቸው ነበር። ጉንጫቸው የሞላ ልጆች አግዳሚው ላይ፣ አጥንታቸው የሚቆጠር ልጆች ሽቦው ላይ ተለጥፈው። እኔ ስመጣ ይህ ቀረ። እጄ አይጠብቅም፣ አይላላም። እናቶቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ አንዳንዶቹ ይወዱኝ ነበር፣ ሌሎቹ ይፈሩኝ ነበር።

ያቺ ልጅ ቢጫ ሆና ወደ እኛ ስትመጣ አምስት ዓመት ሊሞላት ነበር። እናቷ ወደ የመን ለመሻገር ከሐረርጌ ገጠር ከወረዱት አንዷ ነበረች። ባሏ ቀድሞ በኦቦክ ወደብ በኩል ተሻገረ፤ ደርሼ እልክላችኋለሁ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። እሷ ካርቲየ 5 በነጋዴዎች ቤት ልብስ ታጥባለች። ወረቀት የላትም። ወረቀት የሌለው ሰው እዚህ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ራፍል የሚባለውን አፈሳ ነው፤ ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ያገኘውን ስደተኛ በመኪና ጭኖ ድንበር ላይ ያራግፋል። ስለዚህ ሴትዮዋ በትልቁ መንገድ አትሄድም፤ ሰው በብዛት ባለበት አትቆምም። እኛ ዘንድ ስትመጣ እንኳ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ነው የምትቆመው።

ልጅቷ ግን እንደዚያ አልነበረችም። አንድ ቀን ስለ ካሮት አስተምሬ ስጨርስ እጇን አወጣች።

«መዳም፣ ካሮት ለዓይን ጥሩ ከሆነ አንቺ ለምን መነጽር አለሽ?»

«በልጅነቴ አልበላሁማ።»

ትንሽ አሰበችና «እኔ እበላልሻለሁ» አለችኝ።

በላችም። ሳህኖቻችን ሦስት ቦታ የተከፈሉ የብረት ሳህኖች ናቸው፤ አንዱ ለሩዝ፣ አንዱ ለምስር ወይም ለባቄላ፣ አንዱ ለአትክልት። ሳህኑን አጽድቶ ለጨረሰ ልጅ ይጨበጨብለታል፤ ይህን ልማድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለእሷ ያልተጨበጨበበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከሦስቱም ጎድጓዳ የመጨረሻዋን ፍሬ በጣቷ ትለቅምና ሳህኑን እንደ መስታወት ወደ እኔ ታዞረዋለች። ክንዷ ሞላ። ከረሃቡ የቀላው ፀጉሯ ጠቆረ። በሦስተኛው ወር አረንጓዴ ሆነች።

በአራተኛው ወር የመለኪያ ቀን እናቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ጥብጣቡን ጠመጠምኩ። አረንጓዴ፤ ከቢጫው ሁለት መስመር ብቻ አለፍ ብሎ። ወጥ ቤቷ ጭልፋዋን እንደያዘች መጥታ በትከሻዬ አየች።

«ሳብ አድርጊው እንጂ።»

«አልስብም።»

«ሁለት መስመር ነው እኮ፤ ሁለት መስመር ማንን ገደለ?»

«ውጭ ያለውን ልጅ።»

«ውጭ ያለውን አላህ ያውቀዋል። ይቺ አረንጓዴ የሆነችው እዚህ በልታ ነው፣ ፕሮፌሰሯ። ቤቷ ምን አለ? ካስወጣሻት ተመልሳ ቢጫ ናት።»

«ቢጫ ስትሆን ተመልሳ ትመጣለች» አልኩ።

ይህን ያልኩት ጮክ ብዬ ነው። ለወጥ ቤቷ ነበር ያልኩት፤ እናቷ ግን ሰማች። ካርዱን ተቀብዬ «አረንጓዴ» ብዬ ጻፍኩበት፣ ፈረምኩ። ከዚያ የበደልኳት እንዳይመስላት ጥብጣቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አሳየኋት፤ ልጅሽ እዚህ ላይ ናት፣ ቢጫው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዝቅ ብላ አየች። ከሻርፗ ጫፍ አንድ ክር መዘዘች፣ ከጥብጣቡ ጎን አስተካክላ አጋደመችው፣ ቢጫው የሚጀምርበት ላይ ስትደርስ ክሩን ቋጠረችው። አንዴ አጠበቀች፣ እንደገና ለካች፣ ትንሽ ስላለፈ ፈትታ እንደገና ቋጠረች።

እየመረመረችኝ መሰለኝ። አልከፋኝም። የሚጠነቀቅ ሰው ደስ ይለኛል። ይቺ ሴት ብትማር ኖሮ ጥሩ ትማር ነበር ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ትመጣ ጀመር። ወደ እኩለ ቀን ላይ የጫት መኪኖች ጥሩምባ ይሰማል፤ ያኔ ዘበኛችን ቁልፉን ለእኔ ጥሎ ይሮጣል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት በሩ የእኔ ነው። ልጆቹ ሲገቡ የታጠቡ እጆቻቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ መዳፉንም ጀርባውንም ያሳዩኛል። እሷ ከሽቦው ውጭ ቆማ እጆቿን አንስታ ታሳየኛለች። እርጥብ ናቸው፤ የልብስ ሳሙና ይሸታሉ። መዳፏን፣ ቀጥሎ ጀርባውን። እኔ ግን በሩን አልከፍትላትም፤ ለአንዷ በሽቦው ቀዳዳ ያቀበልኩ ቀን በማግስቱ ሃምሳ እጅ ይመጣል፣ ብዬ ነበር የማስበው። እውነትም ነው። ወጥ ቤቷ አታነጋግረኝም ነበር በእነዚያ ቀናት። ሁለተኛው ሳምንት ሲጋመስ ልጅቷ ቀረች። ሌላ ነገር አግኝተው ይሆናል አልኩ። ይህን ማሰብ ቀላል ነበር።

ሞቃቱ ወቅት ገባ። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ አሸዋውን ድስቱ ውስጥ ሳይቀር ይበትናል፤ ልጆቹ ሲያኝኩ ይሰማል። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት እናትዬዋ ልጇን በጀርባዋ አዝላ መጣች። አወረደቻትና አጠገቤ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷን ያወቅኳት በዓይኗ ነው።

«ቢጫ ስትሆን ተመልሳ ትመጣለች ብለሽ ነበር» አለች እናቷ። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ የታዘዘችውን ሠርታ የመጣች ሰው ድምፅ ነው።

«ምን አደረግሻት?»

«ዳቦውን ደበቅኩባት። ሻዩን ብቻ እሰጣታለሁ። በየማታው በክሩ እለካታለሁ።» ክሩን ከጡቷ ሥር አውጥታ አሳየችኝ፤ ከብዛት መነካካት ጠቁሯል። «ቋጠሮው ጋ ስትደርስ ላመጣት ነበር። ከዚያ ተቅማጥ ያዛት። በሁለት ቀን ቋጠሮውን አለፈችው።»

ወጥ ቤቷ ጭልፋዋን ድስቱ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔ ጥብጣቡን አመጣሁ። ምን እንደሚል እያወቅኩ ለካሁ፤ ሌላ ማድረግ የምችለውን ነገር አላወቅኩም ነበር። ቀይ ነው። ከቀዩም ወደ ውስጥ።

«ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ አሁን።»

«ሆስፒታል አልሄድም» አለች። «በር ላይ ወረቀት ይጠይቃሉ። ከያዙኝ እኔን ድንበር ይጥሉኛል፣ እሷን እዚህ ያስቀሯታል። እዚሁ አብሊያት። ለዚህ አይደል ያመጣኋት?»

«የእኛ ምሳ አሁን ይጎዳታል።»

«ምግብ እንዴት ይጎዳል? አካል ይሠራል ብለሽ አስተማርሽን እኮ።»

ለዚህ መልሱን፣ በረሃብ የተዳከመ ሆድ በአንዴ ከበላ እንደሚጎዳ፣ ተምሬዋለሁ፤ ደብተሬ ውስጥ አለ። «እኔ ወረቀት አለኝ» አልኳት። «የእህቴ ልጅ ናት እላለሁ።» ከዚያ ልጇን አንስታ ክንዴ ላይ አኖረችልኝ። ከልብስ በቀር የያዝኩ አልመሰለኝም።

ሆስፒታል የገባነው በሚኒባስ ነው። ነርሷ ማንነታችንን ብዙም አልጠየቀችም፤ ልጅቷን አየች፣ አልጋ ሰጠችን፣ በኩባያ ልዩ ወተት አመጣች። በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይሰጣታል። ኩባያውን ከከንፈሯ አስጠጋሁ። ልጅቷ አፏን ገጠመች።

«ትንሽ ብቻ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አቅም ያላት ለዚያ ብቻ ነው። ነርሷ ሞከረች፤ እምቢ አለች። ከሰዓት በኋላም እምቢ። ነርሷ እስከ ማታ ካልጠጣች በአፍንጫዋ ቱቦ እናስገባለን አለች። ብቻችንን ስንሆን ዝቅ ብዬ ጠየቅኳት።

«ለምንድን ነው የማትጠጪው? አይጣፍጥም?»

«ይጣፍጣል።»

«ታዲያ?»

«አረንጓዴ ያደርገኛል።»

«አረንጓዴ መሆን እኮ ጥሩ ነው። አስተምሬሽ የለ?»

«አረንጓዴ ስሆን አስወጣሽኝ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ሌሎች እናቶች ነበሩ፤ አማርኛ የሚሰማ ግን ማንም አልነበረም። ኩባያው እጄ ላይ እየቀዘቀዘ ነው። ያኔ ነው የመጀመሪያውን ሐሰት የተናገርኩት።

«ሕጉ ተቀይሯል» አልኳት። «ከአሁን በኋላ አረንጓዴ የሆነም ይቀመጣል።»

ዓይኗ ፊቴ ላይ ቆየ። «ጻፊው» አለች።

ማንበብ አትችልም። ግን እኔ የጻፍኩት ነገር እንደሚሆን አይታለች፤ አንድ ቃል ጽፌ ከአግዳሚው ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ከቦርሳዬ አዲስ ካርድ አወጣሁ፣ በአማርኛ «አረንጓዴ ብትሆንም ቦታዋ የእሷ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበት። ፊርማዬን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ካርዱን ከአንሶላው ሥር አስገባችና አፏን ከፈተች።

በማግስቱ ሐሰቱን እውነት ላደርግ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ወዳለው ዋና ቢሯችን ሄድኩ። ኃላፊያችን ትዕግሥተኛ ሴት ናት። ለዚህች አንዲት ልጅ ብቻ ፍቀጂልኝ አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ለአንዷ ከፈቀድኩ ለአርባዎቹም መፍቀድ አለብኝ» አለች። «አርባዎቹ ካልተነሡ፣ ሽቦው ላይ ላሉት ምን እንደምትያቸው ንገሪኝ።»

ይህንኑ ቃል እኔ ራሴ ለስንት እናት ተናግሬዋለሁ።

ሆስፒታሉ ልጅቷን ብዙ ሳምንታት አቆያት። አረንጓዴ ሳትሆን አይለቋትም። በለቀቋት ቀን ለእናቷ ያስረከብኳት ጨለምለም ሲል፣ በአንድ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ነው። ሕጉ እንዳልተቀየረ ለእናቷም ለእሷም አልነገርኩም። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ልጅቷ መጣች። ኃላፊዋ ደግሞ በዚያው ቀን ለጉብኝት መጥታ ከድስቶቹ አጠገብ ቆማለች። ዘበኛው ወደ ጫቱ ሄዷል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ልጅቷ ከሽቦው ውጭ በአንድ እጇ ካርዱን ይዛለች፤ ሌላውን እርጥብ እጇን ዘርግታ መዳፉን አሳየችኝ፣ ጀርባውን አሳየችኝ። በሩን ከፈትኩ። ቀጥ ብላ ገብታ ካርዱን ለኃላፊዋ ሰጠቻት፤ ትልቅ ሰው መሆኗን ከልብሷ አውቃለች።

«ምን ይላል?» አለችኝ ኃላፊዋ በፈረንሳይኛ። ፊደሉን አታውቀውም።

ሌላ ነገር ብዬ ልተረጉምላት እችል ነበር። የሚለውን ነገርኳት።

«ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«በአንቺ ፊርማ ሕግ አይወጣም» አለች፣ ሳትቆጣ። ካርዱን መለሰችልኝ። «ንገሪያት።»

ልጅቷ በፈረንሳይኛ የተባባልነው አልገባትም፤ ፊቴን ግን ታነብ ነበር። እንድነግራት አልጠበቀችም። የግራ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ ከፍ ብሎ፣ የእናቷ ባለ ቋጠሮ ክር ታስሮ ነበር። ከፍ አደረግኩትና ጥብጣቡን ጠመጠምኩ። አረንጓዴ ነው፤ ሁለት መስመር ሳይሆን ሦስት። አውራ ጣቴን ጥብጣቡ ላይ አኖርኩና ሳብኩ። ሥጋዋ በሁለቱም ወገን ወጣ፤ ቆዳዋ ነጣ። ቀለሙ ሲለወጥ ሦስታችንም አየነው።

«ቢጫ» አልኩ፤ በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ።

ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ ጥብጣቡን አየች፣ አውራ ጣቴን አየች። ቀና ስትል ዓይኗ ከእኔ ሸሸ። «ቢጫ ከሆነ ጻፊው» ብላ ወደ ድስቶቹ ዞረች።

ጻፍኩት። ጽሑፌ ያኔ ፊደል እንደ ጀመርኩበት ሰሞን ሆነ። ልጅቷ ጥብጣቡ የተወውን ቀይ መስመር እያሸች አየችው። ጥብጣብ ማንበብ ታውቃለች፤ ማንም ሳያስተምራት ከእናቷ ክር ተምራዋለች። እንዳላመነችኝ አወቅኩ።

አግዳሚው ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ወጥ ቤቷ ሳህኗን ቁልል አድርጋ ሞላችላት። ሩዝ፣ ምስር፣ ካሮት። ልጅቷ በቀኝ እጇ በላች፤ በጥንቃቄ፣ ሳትቸኩል። ከሩዙ እስከ ግማሽ። ከምስሩ እስከ ግማሽ። ከካሮቱ እስከ ግማሽ። ከዚያ ቆመች። በዙሪያዋ ሳህናቸውን ያጸዱ ልጆች እያሳዩኝ ነው፤ እየተጨበጨበ ነው።

«ጨርሺ እንጂ፣ የኔ እናት» አለቻት ወጥ ቤቷ። «ለማን ትተሽው ነው?»

ልጅቷ ግራ ክንዷን አነሣች፣ ትንሿን ጣቷን በክሩ ሥር አስገብታ ላላ ማለቱን ሞከረች። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«ጠገብኩ፣ መዳም» አለች።

ሳህኑን አነሣሁት።